ከማርስ የተመለሱ ሞኞች

በምኖርበት በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ የንባብ ክበብ ገብቻለሁ። ሰሞኑን ያነበብነው የሬይ ብራድበሪን «የማርስ ዜና መዋዕል» ነው፤ በፈረንጆቹ 1950 የታተመ፣ አሜሪካውያን ማርስ ላይ ሲሰፍሩ የሚተርክ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ። ፈረንጅ ልቦለድ የሚያነበው እንደ ቦሎ መርማሪ ነው። አንዱ «አየሩ ከየት መጣ?» ይላል። ሌላውን ማርስ ላይ የተሣለው ቦይና ጀልባ አናደደው፤ ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በፈረንጆቹ 1965 ማርስን ፎቶ ሲያነሣ የታየው ጠፍ መሬትና ጉድጓድ ነው እያለ። ደራሲው ከዚያ 15 ዓመት ቀድሞ ማሳተሙን ማን ይንገረው! ስለ ሴቶቹ የተነሣው ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ሮኬት የሠራ ሕዝብ ሚስቱን ከምድጃ ማላቀቅ አቅቶታል።

ይህ ሁሉ አላስከፋኝም። ያንገበገበኝ ስለ መጨረሻዎቹ ታሪኮች የተባለው ነው። ምድር ላይ የአቶም ጦርነት ይነሣል። ሰፋሪዎቹ ማታ በረንዳ ላይ ወጥተው ምድር ስትነድ ያያሉ፤ «ወደ ቤት ተመለሱ» የሚል መልእክትም ይደርሳቸዋል። ሻንጣ ሻጩ ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል፤ ከፖለቲካውም ከቦምቡም ሸሽተን ብንመጣ ቤታችን ያው እዚያ ነው ብሎ ለአንድ ቄስ ነግሮታል። ሲነጋ መደርደሪያው ባዶ ነው። ክበባችን እየሳቀ ፈረደ፦ «የማይመስል ነገር! ከእሳት ያመለጠ ሰው ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል?»

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እዚሁ ከተማ ስልኩን ታቅፎ የሚያድር ስንት ሰው ነበር። ወደ ትግራይ መስመሩ እንደተቋረጠ እያወቀ የእናቱን ቁጥር ሲደጋግም የሚያመሽ ጎረቤት ነበረኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ቢከፈት ኖሮ ሱቅ ውስጥ ሻንጣ ይተርፍ ነበር? የማይመስል ነገር ይሉኛል!

ብግን ብዬ አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤ መጽሐፉን ልኬለት አንብቦታል። እሱ ስለ አየር ትንፍሽ አላለም። የሳቀው በሁለተኛው ጉዞ ነው። ጀግኖቹ «ከምድር መጣን!» ብለው በር ያንኳኳሉ፤ የማርሷ እመቤት ቤት እያጸዳች ነውና ጊዜ የለኝም፣ እገሌ ዘንድ ሂዱ ትላለች። እገሌም ወደ ሌላ ይመራቸዋል፤ ሌላው ወረቀት ያስፈርማቸውና ቁልፍ ይሰጣቸዋል፤ በመጨረሻ ዕብዶች መካከል ይቆለፍባቸዋል። «ይህማ ቀበሌያችን ነው፤ የቀረው ማኅተም ብቻ!» አለኝ። እኛ ክበብ ውስጥ ስለ ሰው ልጅ ትዕቢት ሲተነተን ያመሸው ይኸው ታሪክ ነው። ማርሳውያኑ ሰዎች ባመጡት በሽታ፣ ልጆች በሚይዛቸው በጉድፍ አለቁ የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። «በጉድፍ? ያን የመሰለ ሕዝብ?»

የልቤን ይናገርልኛል ብዬ ስለ መመለሱ ጠየቅሁት።

«እነሱማ የለየላቸው ናቸው! ማርስ ደርሶ ማን ይመለሳል? እኔ እዚህ ዲቪ ስሞላ ጸጉሬ ሸበተ፣ አንተ ስለሚመለስ ሰው ታወራኛለህ!»

የክበቤ ፈረንጆችና የአክስቴ ልጅ በምንም የሚስማሙ አይመስለኝም ነበር፤ በዚህ ተስማሙ።

እኔ የማምነው ሻንጣ ሻጩን ነው። ሥራው የገባው ሰው ነው። እኛ ሐበሾች አገር ቤት የምንሄድ ሰሞን ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ሻንጣውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ የራስን ክብደት መቀነስ፣ ሻምፑ አውጥቶ ካልሲ መጠቅጠቅ፣ እንደገና መውጣት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ የምለው ጥግ ላይ የተወተፉ ሸሚዞች ናቸው። የቀረው ትእዛዝ ነው፤ ቫይታሚኑ፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ የማላውቀው ሰው ለማላውቀው ሰው የላከው ጫማ። ይኸው የአክስቴ ልጅ፣ መመለስ ዕብደት ነው ባለ ማግስት መልእክት ልኮልኛል፦ «ለገና ትመጣለህ አይደል? ላፕቶፕ እንዳትረሳ፤ ከነቦርሳው ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ላፕቶፕ ከነቦርሳው ሦስት ኪሎ ይሆናል። ከማን ላይ ልቀንስ?