ጋሪና ግፊያ

የሰው ብዛት አያናድደኝም። ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ግፊያ ብርቅ አይደለም። የሚያናድደኝ መንገድ ዘግቶ ቆሞ፣ ከኋላው ሰው መኖሩን ጨርሶ የማያስብ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው የሚበዛው ትልልቆቹ የመጋዘን ሱቆች ውስጥ ነው። ሰሞኑን ባሕር ዳር ቤተሰብ ጥየቃ መጥቼ ቅዳሜ ገበያ ስውል ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ለማያውቃቸው ባጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ኮስትኮ ያሉት ሱቆች የአባልነት ክፍያ በየዓመቱ ከፍለው የሚገቡባቸው ናቸው። ዘይቱ በትልቅ ዕቃ፣ ሩዙ በከረጢት፣ ሶፍቱ በእስር ይሸጣል። ኮስትኮ የመጀመሪያውን ሱቅ ሲያትል ከተማ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እዚያ ውስጥ በየመተላለፊያው ራስ ላይ የት ምን እንዳለ የሚያሳይ ጽሑፍ የለም። ዕቃውም ቦታ ይቀያይራል። ገዢው አንዱን ሲፈልግ ሌላውንም እንዲያይ ታስቦ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይቆማል፣ ይዞራል፣ ያንጋጥጣል። ጋሪው ደግሞ ሰፊ ነው። ግማሹ መጨናነቅ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በዚህ ሰውን አልወቅስም።

ሌላው ግማሽ ግን የጠባይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገብታችሁ እዩ። አንዱ ጋሪውን መሃል መንገድ ላይ አግድም ጥሎ እርጎ ሊመርጥ ይሄዳል። አባት፣ እናትና ልጆች ጎን ለጎን ሆነው መተላለፊያውን ሞልተው ያዘግማሉ። ቅምሻ የሚታደልበት ጠረጴዛ ዘንድ ለአንዲት ቁራሽ አይብ ጋሪ በጋሪ ላይ ይደራረባል። ቀምሶ የጨረሰውም ከቦታው አይነቃነቅም። ሒሳብ መክፈያው ጋ ባል ግማሽ ጋሪ ይዞ ይሰለፋል፣ ሚስት ደግሞ እየሮጠች ሌላውን ታመጣለች።

ከሁሉ የሚከፋኝ ሥጋው ነው። ሰው የታሸገ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ያነሳል። ሱቁን ግማሽ ከዞረ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። መልሶ ማስቀመጥ ይደክመውና የልብስ ክምር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ስንት ሰዓት እንደቆየ ስለማይታወቅ ያ ሥጋ ይጣላል። እናቴ ፍርፋሪ እንዳይረገጥ ከመሬት የምትለቅም ሴት ናት። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚናገር የለም። መንገድ የተዘጋበት ሰው ፊቱን አጥቁሮ ከኋላ ይቆማል። የዘጋውም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ አይሰማም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልምጣ። ቅዳሜ ገበያ ከየትኛውም የመጋዘን ሱቅ ይበልጥ ይጨናነቃል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ መሬት ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተዘርግቷል። በቀረችው ጠባብ መንገድ ሰውም አህያም የእጅ ጋሪም ያልፋል። ግን ያልፋል! ኩንታል ያዘለው ተሸካሚ ከሩቁ «አሳልፉኝ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሰው ለሁለት ይከፈታል። በርበሬ የምትሸጠው ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞራ «እቴ፣ እግርሽን ሰብስቢ፣ እንዳትረገጪ» ትላለች። «ዞር በል» የተባለ ዞር ይላል፤ እንደ ስድብ አይቆጥረውም።

ዓሣ የሚገዛበት የጣና ዳርቻም እንዲሁ ነው። በተለይ በሁዳዴ፣ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ። ጀልባው ሲደርስ ገዢው ይከበዋል። ቀረሶ የሚፈልግ አለ፣ አምባዛ የሚፈልግ አለ። ስንጥቡን ገልጦ ትኩስ መሆኑን የሚያይ አለ። ወረፋ የሚባል ነገር አይታይም። ሆኖም አንዱ ከሌላው እጅ ሊነጥቅ ቢሞክር ዙሪያው ሁሉ ይቆጣል። «እሷ ቀድማለች፣ ለእሷ ስጣት!» ይባላል። ሽማግሌ ሲመጣ «አባባ ይለፉ» የሚል አይጠፋም። ሥርዓቱን የሚጠብቀው እዚያው የቆመው ሰው ነው።

«አሳልፉኝ» ሲባል ዞር የማለቱን ጠባይ ይዘን ተሰደናል፤ ከጋሪ ጋር ግን አልተስማማም። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር መጋዘን ሱቅ ውስጥ ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው። ልጆቹ፣ እናት አባት፣ ሥራው፣ የሰሞኑ ለቅሶ ሁሉ ይጠየቃል። ደስ ይላል። ግን ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ቆሞ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከኋላ ያለው ፈረንጅም «አሳልፉኝ» አይልም። ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ጋሪውን ወደ ጥግ፣ ከዚያ ሰላምታውን።

ሰልፍ ላይ ግን ሐቁን እናገራለሁ፤ አሜሪካን እመርጣለሁ። እዚያ ማንም ይሁን ማን ተራውን ይጠብቃል። ባሕር ዳር ውስጥ በተከፈቱት ሱፐርማርኬቶች ሒሳብ ልትከፍሉ ስትቆሙ በትከሻችሁ ላይ እጅ ያልፋል። ሁለት መቶ ብር የያዘ እጅ። «አንድ ውሃ ብቻ ነው» ይላል ባለቤቱ። ካሸሩን የሚያውቅ ደግሞ በጎን ይገባል። በዚህ የሚጎዳው ዝም የሚለው ነው፤ ከሁሉም በላይ ከገጠር የመጣው። ሱፍ የለበሰው ሲቀድመው «ይሁን» ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ገበያ ላይ «እሷ ቀድማለች» የሚለው ያ ሁሉ ሰው እዚህ ምን እንደሚለጉመው አይገባኝም።

ባለፈው ጋቢ የለበሱ አዛውንት አንድ ጥቅል ሳሙና ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። አንድ ወጣት በላያቸው ላይ ብር ዘረጋ። ካሸሯ ገና ልጅ ናት። ቀና ብላ አየችውና «አባባ ቀድመዋል፣ ከኋላ ሁን» አለችው። እሱም ብሩን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሄደ። እኔም ሌሎቹም «ጎሽ!» አልናት።