አትንካ! ሳይንስ ነው

ክረምት ሲገባ የሐዋሳ ወላጅ ሁለት ነገር ይጨንቀዋል። አንዱ ዝናቡ፣ ሌላው ቤት የዋለ ልጅ። ለዝናቡ ጃንጥላ አለ። ለልጁ ግን ስልክ አስይዞ ከማስቀመጥ ሌላ መላ የለም። የእኛ ሰፈር ወላጆች ዘንድሮ መላ ዘየዱ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቦ ሳይንስ በተግባር ማስተማር። ተራው በየቤቱ ይዞራል፣ ባለተራው በዕጣ ይለያል። ምን ይደረግ፣ ሦስት ሐበሻ ከተሰበሰበ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ዕቁብ መሆኑ አይቀርም።

ዓላማው ግሩም ነበር። ልጅ ሲሸመድደው የኖረውን በእጁ ይንካ፣ ያሽትት፣ ይሞክር። ክፋቱ፣ ልጅ እጁን ወደ ዕቃ ሲዘረጋ "አትንካ!" የማይል ወላጅ ገና አልተወለደም።

መጀመሪያ የደረሰን እሳተ ገሞራ ነው። ለሐዋሳ ልጅ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማውም ሐይቁም ያሉት ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው። ልጆቹ ተራራውን ከጭቃ ሊሠሩ ነበር። መሐንዲሱ ጎረቤታችን ያቦኩትን ሲያይ አላስችል አለው። "ቁልቁለቱ ልክ አይደለም" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። አለቀ። ተራራውን እሱ ገነባ፣ ቤኪንግ ሶዳውን እሱ ጨመረ፣ አቼቶውን እሱ አፈሰሰ። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አረፋውን ሽቅብ የሚገፋው እሱ ነው። አረፋው ቡልቅ ሲል ያ ሁሉ ሰውዬ በደስታ ዘለለ። "እኔስ?" አለ አንዱ ትንሽ ልጅ። አቼቶው አልቋል። ለሰላጣ የተቀመጠውን ደግሞ የቤቱ እመቤት ቀድማ ደብቃዋለች።

ቀጥሎ የመጣው ቀላል ይመስል ነበር። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ልጆቹ ባንድ ድምፅ "መቶ!" አሉ። ድስት ተጣደ፣ ቴርሞሜትር ገባ፣ ውኃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠበቅን። እሳቱ ተጨመረ። ወይ ፍንክች!

"የቻይና ነዋ!" ተባለ። የገዛው አባት ሱቅ ሄዶ ሊጣላ ጃኬቱን ለበሰ። ያስቆመችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

"ጋሼ፣ ቴርሞሜትሩ ደኅና ነው። ሐዋሳ እኮ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ውኃውን የሚጫንበት ኃይል ስለሚቀንስ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል።"

ሒሳቡ በስልክ ተሠራ። ልክ ናት። ለካ መቶው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባማ ከእኛም ስለምትበልጥ ውኃዋ 92 ላይ ይፈላል።

ነገሩ ከሁሉ የከነከናት የመንትዮቹን እናት ነው።

"እና ሽምብራው አልበስል የሚለኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ እትዬ፣ የፈላው ውኃ ራሱ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ጊዜ ይፈጃል።"

"እኔ እኮ በዚህ የተነሳ ከባለሱቁ ተኳርፌያለሁ!"

ታዲያ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ ወይ ስትባል፣ "ሚዛኑስ?" አለች።

እውነት ለመናገር፣ ልጆቹ በእጃቸው የሠሩት በዓሣው ቀን ብቻ ነው። ያውም ቡናው ቀድሞ ስለቀረበ። እኛ አቦል ላይ ስለ ቤት ኪራይ ስንጨቃጨቅ፣ እነሱ ጓሮ ውስጥ ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣውን ቆሮሶ ከበቡት። ያቺው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆዱን ቀደደች። ልቡን አወጡ፤ ከጣት ጫፍ ያነሰ፣ እንደኛ አራት ሳይሆን ሁለት ክፍል ብቻ ያለው። ከጀርባ አጥንቱ ሥር ነጣ ያለች፣ በአየር የተወጠረች ከረጢት አገኙ። አንዱ ሳትፈነዳ አላቆ ሳህን ውኃ ላይ ጣላት። ተንሳፈፈች። ዓሣ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም መሐል ውኃ ላይ የሚቆመው በሷ ነው። ልጆቹ በጣታቸው ወደ ታች ይደፍቋታል፣ ብቅ ትላለች። እንደገና ይደፍቋታል።

"ኧረ በደም ተጨማለቁ!" ብላ አንዷ እናት ጮኸች። ልጆቹ በሳሙና ተፈተጉ፣ ዓሣው ወደ መጥበሻ ገባ። እዚያው ዓሣ ገበያው ላይ ተኮፍሶ የሚቆመው ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ የዓሣን ሆድ ዕቃ ከእኛ ልጆች በተሻለ ያውቀዋል። እሱን ማንም አትንካ አይለውም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለምርቃት። ጋውን ኪራይ፣ ፎቶ አንሺ፣ ባለሁለት ፎቅ ቶርታ። የቀረው ትምህርት ኤሌክትሪክ ነበር፤ የሚያስፈልገው ባትሪ፣ ቁራጭ ሽቦና ትንሽ አምፖል ነው። ገንዘቡ ለቶርታው ዞረ። ሰርተፍኬቱ ላይ ግን ለኤሌክትሪክም ማርክ ተሰጥቷል። የእኔ ልጅ 96 አምጥቷል። የመንትዮቹ እናት አንዱ መንታ 97 ሌላው 93 የሆነበት ምክንያት እንዲጣራላት ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክታለች።