የፋሞው መሪ ላይ አንድ እርማት
እጅዎ ይባረክ፣ ስለ ፋሞ፣ ማለትም ከፊት ጎማ ከኋላ ሰንሰለት ስላለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር መኪና፣ የጻፉትን ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ግን 18 ቶን ጎታቹ ፋሞ "የሚታጠፈው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነው" ያሉት ልክ አይደለም። መሪው ትንሽ ሲዞር አዎ፣ የፊት ጎማዎቹ ይበቃሉ። አጥብቆ ሲዞር ግን በሚታጠፍበት በኩል ያለውን ሰንሰለት ፍሬን ይይዘዋል። ባለ 12 ሲሊንደሩ የማይባክ ሞተር የሚነዳውም ሰንሰለቱን እንጂ የፊት ጎማዎቹን አይደለም። ታይገር የተባለው ከባድ የጀርመን ታንክ ሲበላሽ ሁለት ሦስት ሆነው የሚጎትቱት እነዚህ ፋሞዎች ነበሩ!

የፋሞውን 1 ለ 35 ሞዴል (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰውን) ለምትሠሩ፦ በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉትን ተደራራቢ ጎማዎች ከመግጠማችሁ በፊት የውስጠኛውን ረድፍ ቀለም ቀቡት። እኔ አስቀድሜ አጣብቄው ብሩሽ የሚገባበት ክፍተት ስላጣሁ፣ አንድ በአንድ በምላጭ ፈልቅቄ ነው እንደገና የሠራሁት። ጭቃውንም እዚያው በጎማዎቹ መሃል ጠቅጠቅ አድርጉት፤ በጦርነቱ ጊዜ ሩሲያ ውስጥ ሌሊት በረዶ ሆኖ ጎማዎቹን አላላውስ ይል የነበረው እሱ ነው።