ሻምፓኝን የፈጠረው መነኩሴው አይደለም

ወንድሜ፣ ወደ ፈረንሳይዋ የሻምፓኝ አካባቢ ያደረግከው ጉዞ ማስታወሻ ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ላርም። «የወይኑን አረፋ የፈጠረው መነኩሴው ዶም ፔሪኞን ነው» ያልከው ተረት ነው፤ አስጎብኚዎቹም ሲደጋግሙት አይደክማቸውም።

ሰውየው ከ1668 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦቪዬ ገዳም የወይን ጓዳ ኃላፊ ነበር። ያኔ አረፋ እንደ ብልሽት ነው የሚቆጠረው። ጋዙ ጠርሙሱን ጓዳ ውስጥ ያፈነዳዋል። ስለዚህ መነኩሴው የለፋው አረፋውን ለማስቀረት ነው። ጎበዝ የነበረው የተለያየ ማሳ ወይን መርጦ በማዋሃድ ነው። ስኳር ጨምሮ ወይንን አረፋማ ስለማድረግ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት የጻፈው ደግሞ ቀድሞ፣ በ1662 ነው። መነኩሴው «ከዋክብት እየጠጣሁ ነው» አለ የምትባለዋም ብዙ ቆይታ የመጣች የማስታወቂያ ፈጠራ ናት።

የኦቪዬን መንደር ግን እንዳታልፋት፤ ለኤፔርኔ ከተማ ቅርብ ናት። የሰውየው መቃብር ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። በየቤቱ ደጃፍ የተንጠለጠሉትን፣ የባለቤቱን ሙያ የሚያሳዩ የብረት ምልክቶችም ቀና ብለህ እያቸው።