ቅመስ እንጂ አትጠጣ

ጠምቶኝ ነበር። ጦሱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢራ ራሱ የሚጠምቅ ጓደኛዬ ቤት ጎራ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ትናንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ከየብርጭቆው ሥር ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። በየብርጭቆው ቢራ አለ። «ተመስገን» ብዬ አንዱን አንሥቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ለቀም አደረገኝ።

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ አሽትተው!»

እኔ በሕይወቴ ከመጠጣቴ በፊት የማሸተው ወተት ብቻ ነው። እሱንም ስጠረጥረው።

ብርጭቆዋ 100 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። የሳል መድኃኒት በሉት። ደግሞ ለብ ብሏል። ሆን ብሎ ቀደም አድርጎ ከፍሪጅ አውጥቶታል። «በጣም ከቀዘቀዘ መዓዛው ይታፈናል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቅዝቃዜ ሽታንም ጣዕምንም ያደበዝዛል። ግን እኔ መዓዛ ፍለጋ መጣሁ አልኩት? ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የመጣሁት።

ከዚያ ቅጽ ሰጠኝ። አዎ፣ ቅጽ። የቤት ጠማቂዎች ሲወዳደሩ ዳኞች የሚሞሉት ዓይነት፣ ከ50 የሚታረም። ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። እርሳስም ጨመረልኝ፤ ሐሳቤን ብቀይር እንዳጠፋው። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! ያኔም ቢሆን ፈተና ላይ የተቀመጥኩት ቢያንስ ውሃ ጠጥቼ ነው።

«እሺ፣ ምን ምን ይልሃል?»

«ቢራ ቢራ።»

በሐዘን አየኝ። «ሙዝ ሙዝ አይልም?»

ይኸውላችሁ፣ ደሜን ያፈላው ይሄ ነው። ሙዝ ብሎ እስኪጠራው ድረስ ሙዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ከጠራው በኋላ ግን ብርጭቆው ውስጥ ሙሉ ዘለላ ተንጠልጥሎ ታየኝ። ውሸት ነው እንዳልል፣ ሳይንሱ ከሱ ጋር ነው። አንዳንድ እርሾ ሲብላላ ኢሶአሚል አሲቴት የሚባል ነገር ያወጣል። በሙዝ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። የባቫሪያ የስንዴ ቢራዎች በዚህ ይታወቃሉ። ቅቤ ቅቤ ካለ ደግሞ ዳያሲቲል የሚባለው ነገር ነው። አረንጓዴ ፖም ካለ ብዙ ጊዜ መፍላቱን ሳይጨርስ ተቸኩሎበታል። የተቀቀለ በቆሎ የሚልም አለ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ስደርስ ገበያ የወጣሁ እንጂ ቢራ የምጠጣ አልመሰለኝም።

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ሲያሸቱት በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። እንግዲህ ሙያቸው ነው ብለው የሚማሩት እንዲህ ከሆኑ፣ ሙዝ ነው ተብዬ ሙዝ ቢሸተኝ ምን ይገርማል? ይህን ነገርኩት። «እሱ ወይን ነው» አለኝ።

ከብርጭቆ ከተነሣ አይቀር፣ የምወደው ተረት አለ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ።» ይህን ያለ ሰው ዕቃው ራሱ የመጠጡ ግማሽ መሆኑን ገብቶታል። ቀለሙ ይታያል፣ አንገቱ ይያዛል፣ ቅጽ የለ፣ እርሳስ የለ። በዕድሜዬ ስንት ጭቅጭቅ በዚህች ተረት አብርጃለሁ። ቅዳሜም ልጠቀምባት ሞከርኩ። ሰውየው ተረቴንም አረመው።

«ለጠጅ ይሁን። ለቢራ ግን ነጭ ጠርሙስ ጠላት ነው» አለ። ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው ተክል ውስጥ ያለው ነገር ብርሃን ሲያገኘው ይሰባበራል። ከዚያ ድኝ ካለበት ነገር ጋር ይገጥምና ይገማል። ስካንክ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ሲቆጣ የሚረጨውን ያስታውሳል ይላሉ። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከለክላል፤ አረንጓዴውና ነጩ እምብዛም ናቸው። ይህም እውነት ነው። ሁሉም እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳሳት ምን ነበረበት? ዝም ብሎ በተረት የሚስቅ ሰው ጠፋ በቃ።

አሁን ወደ ድስቱ ልምጣ።

ድስት አለኝ። አለኝ ማለት፣ ነበረኝ። ሠላሳ ሊትር የሚይዝ፣ እናቴ የሰጠችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ ወሰደው። ያኔ መጥመቅ መጀመሩ ነበር። አብሬው ዋልኩ፤ ደግሞ የዋልኩት ዕቃ ሳጥብ ነው። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ማለት አሥር እጅ ሥራ ቢኖረው ስምንቱ ማጠብ ነው፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ባልዲው ይታጠባል፣ ቱቦው ይታጠባል፣ ጠርሙሱ አንድ በአንድ ይታጠባል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና በመድኃኒት ይነከራል። የብቅሉ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል በኔ ድስት ከሆፕ ጋር ተንተከተከ። ቀዘቀዘ፤ እርሾ ተጨመረበት፤ ተከደነ። ለሁለት ሳምንት ጥግ ላይ ብልቅ፣ ብልቅ ሲል ከረመ። ባለቤቱ «ሕፃን ሳይኖረን ሌሊት የሚያስነሣን መጣ» ትል ነበር።

መጨረሻ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ጋዝ እንዲፈጥር ትንሽ ስኳር ይደረግበታል። ትንሽ! ለአንድ ሊትር ስድስት ሰባት ግራም አካባቢ። እሱ ምን በወጣው፣ እጥፉን አደረገ። «አረፋ እወዳለሁ» አለ። በአምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ የመጀመሪያው ጠርሙስ ፈነዳ። ከዚያ ሁለተኛው። ባለቤቱ ሌባ መስሏት ጮኸች። ሲነጋ መጥረጊያ ይዤ የሄድኩት ማን ልሁን? እኔ። ስባሪው ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። አጠገቡ የቆመ ሰው ቢኖር ዓይኑን ያጣ ነበር፤ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ያን ቀን ድስቴን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ሰው ተደናግጧል ብዬ ተውኩት። ይሉኝታ!

እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የሚባል ሰው በዴንማርኩ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ፣ ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት የሚጠመቅበትን አንድ ንጹሕ እርሾ ነጥሎ አወጣ። ከዚያ በፊት ጠማቂው እርሾው ውስጥ ምን ባዕድ ነገር እንደተደባለቀ አያውቅም፤ ቢራው ይበላሽበትና ዕድሉን ይረግማል። ፋብሪካው ይህን የመሰለ ሀብት ይዞ ምን አደረገ? ለተፎካካሪዎቹ ሳይቀር በነፃ አደለው። ይህን ታሪክ የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ! ድስቴ ከጀርባው ምድጃው ላይ ተቀምጦ!

የ1516ቱን የባቫሪያ ሕግም በቃሉ ይወጣዋል። ገብስ፣ ሆፕ፣ ውሃ፤ ሌላ ነገር አይገባም። እርሾ አልተጠቀሰም። ድስትም አልተጠቀሰም። እንግዲህ የሕግ ክፍተት አግኝቶ ይሆናል።

ምን እያልኩ ነበር? ቅምሻው።

አራተኛው ብርጭቆ ላይ ተንኮል አሰብኩ። ባለቤቱን በጆሮዋ ነገርኳት። ሦስት ብርጭቆ ቀዳች፤ በሁለቱ የሱን ጥምቅ፣ በአንዱ ከሱቅ የተገዛውን። ልዩው የቱ ነው? ይህ እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም፤ ባለሙያዎቹም የሚፈትኑት እንዲሁ ነው። በጭፍኑ የሚገምት ሰው እንኳ ከሦስት አንዴ ያገኘዋል። አሸተተ። አጉመጠመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። የራሱን ልጅ «ይሄ የሱቅ ነው» ብሎ አወጣው።

ዝም አልን። ባለቤቱ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ ሳቋ ግን ይሰማል። (እኔም ተሳስቼ ነበር። ግን የጠየቀኝ የለም።)

ያፍራል ስል፣ ትምህርት ጀመረ። በአንድ ሙከራ አይፈረድም አለ። የጊነስ ጠማቂ የነበረው ዊልያም ጎሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ጥቂት ናሙና ይዞ እንዴት እንደሚፈረድ የጻፈው ለዚህ ነው አለ። ይሄም እውነት! ታዲያ ሙዝ ሙዝ ስትለኝ ስንት ናሙና ነበረህ? ሲያገኝ ምላስ፣ ሲስት ስታቲስቲክስ። እንዲህ ያለ ሰው በምን ይረታል?

እኔም ቅጹን እንደነገሩ ሞላሁት። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሳላሸት በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኳቸው። እውነቱን ለመናገር ስድስተኛው አሪፍ ነበር። አልነገርኩትም።

ትናንት ማታ ደወለ።

«ቅጽህን እየደመርኩ ነበር። ስድስተኛው ላይ ለአፍ ስሜት ከ5 ሰባት ሰጥተሃል።»

«አዎ።»

«እንዴት?»

«ሁለቱ የድስቱ ነው።»