«ወገናችንን እንለይ» ባዮች የዕዳውን ፋይል ያንብቡ

ሰሞኑን በቴሌቪዥን ውይይት «ብሪክስ (እነ ቻይናና ሩሲያ ያሉበት የአገሮች ቡድን) ገብተን ሳለ የአይኤምኤፍን (የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት) ደጅ የምንጠናው ለምንድን ነው? ወገናችንን እንለይ» ተባለ። ብዙ ሰውም ተቀባበለው። ይህ የውጭ ፖሊሲ አይደለም፤ የኳስ ደጋፊነት ነው።

«ብሪክስ የራሱ የመጠባበቂያ ገንዘብ አለው» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ የ100 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የአምስቱ ፈራሚ መሥራቾች፣ የብራዚል፣ የሩሲያ፣ የሕንድ፣ የቻይናና የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ብሪክስን መቀላቀል ብቻውን ተካፋይ አያደርግም። መሥራቾቹም ቢሆኑ ያለ አይኤምኤፍ ፕሮግራም ማውጣት የሚችሉት ከተፈቀደላቸው 30 በመቶውን ብቻ ነው። ለቀረው 70 በመቶ ከአይኤምኤፍ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል። ማምለጫ በር የተባለው ቁልፉ ያለው እዚያው አይኤምኤፍ እጅ ነው!

ወደ ዕዳው እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. አበዳሪዎች በጋራ በሚደራደሩበት በቡድን 20 (የትላልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ) የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቅን። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በጋራ የሚመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። አይኤምኤፍ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ለሆነ አገር ገንዘብ የሚያጸድቀው አበዳሪዎቹ «እናሸጋሽጋለን» የሚል ማረጋገጫ ሲሰጡ ነው። እናም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ዶላር ከዋሽንግተን የመጣው ቤጂንግ በጋራ የምትመራው ኮሚቴ እሺ ካለ በኋላ ነው። ታዲያ የትኛውን ወገን ነው የምንለየው? ለቻይና በጎን ብንከፍል ፓሪስ ትነሳለች፤ ለዩሮ ቦንድ (መንግሥት በውጭ ገበያ የሸጠው የብድር ሰነድ) ባለቤቶች የተሻለ ብንሰጥ ኮሚቴው አይቀበልም። የማዕቀፉ ሕግ አንዱ አበዳሪ የተሸከመውን ሌላውም በተመጣጣኝ ይሸከም ይላልና። በ2017 ዓ.ም. ኮሚቴው 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለማሸጋሸግ የተስማማው ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ስላስቀመጥን ነው።

ብር ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ መሆኑ ሕዝቡን ጎድቷል፤ አልክድም። ግን ቤጂንግም ወዳጅ ስለሆንን ዕዳ አትሰርዝም። የጅቡቲውን ባቡር ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት ያራዘመችው ተደራድረን ነው።

ቁጣ ካለን እዚህ ላይ እናውለው። ሽግሽጉ ከእያንዳንዱ አበዳሪ አገር ጋር በተናጠል ውል ይታሰራል። ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት የእፎይታ ዓመቱን፣ ወለዱን፣ የሚከፈልበትን ገንዘብ፣ የኤክስፖርት ገቢያችን በመያዣነት ገብቶ እንደሆነ አንቀጽ በአንቀጽ ይጠይቅ።