እርማት፦ የተወደደው ፓነሉ አይደለም

ወንድማችን «ሶላር ዱሮ ርካሽ ነበር፣ አሁን ፓነሉ ተወደደ» ብሏል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ገበያ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ዋት ፓነል በዛሬ ገንዘብ ሲሰላ ከ100 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በ2019 ከግማሽ ዶላር በታች ወርዷል። ፓነሉ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ፣ ያስወደደው የብራችን መውረድ ነው። እስከ 1992 (ይህም እ.ኤ.አ.) አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100ን አለፈ።

ሌላው የዋጋ ወጥመድ የተጋነነ ዋት ነው። ከጀርባው «100 ዋት» ተለጥፎበት ግማሹን እንኳ የማይሰጥ ፓነል ሞልቷል። ፓነሉን ከባትሪ ነቅላችሁ፣ በጠራ የቀትር ፀሐይ፣ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ ሽቦዎቹ የፓነሉን ሁለት ጫፍ ንኩ። ባለ 36 ሴል እውነተኛ 100 ዋት ወደ 6 አምፔር ያሳያል፤ 3 ካሳየ የገዛችሁት 50 ዋት ነው። በክረምት ደመና አትለኩ፣ ያሳስታል። ባትሪ ላይ እንዲህ ካደረጋችሁማ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ያውም እጃችሁ ከተረፈ!

ገንዘብ የሚበላው ግን ባትሪው ነው። ያለ ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና መውረድ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ቴሌቪዥን የሚጎትት የአሲድ ባትሪ እርሳሱ ላይ ሰልፌት (ኃይል እንዳይይዝ የሚያደርግ ነጭ ዝቃጭ) ይጋገርበታል። ጠዋት ፓነሉን ፀሐይ ሳይነካው፣ ምንም ሳይበራበት ባትሪው 12 ቮልት ካልሞላ፣ ከግማሽ በታች ወርዶ ነው ያደረው።